የድርጅት ሰርቨር ባካፕ ዕቅድ፦ ከሪስቶር ቀን ተነስቶ ወደኋላ ማቀድ

ብዙ መስሪያ ቤት ገብታችሁ "ባካፕ አላችሁ?" ብትሉ "አዎ አለን" ነው ሚሏችሁ። "መጨረሻ ሪስቶር አድርጋችሁ (ከባካፑ ዳታውን መልሳችሁ አስነስታችሁ) ያያችሁት መቼ ነው?" ብላችሁ ስትቀጥሉ ግን ሰው እርስ በርሱ መተያየት ይጀምራል። ይሄን የምጽፈው ሁለተኛውን ጥያቄ በቀን እና በሰዓት መመለስ እንድትችሉ ነው፣ ምክንያቱም ሰርቨር የሞተ ቀን ስንት ኮፒ እንደነበራችሁ ማንም አይጠይቃችሁም፣ የሚጠየቀው "መቼ ስራ እንጀምራለን" ነው።

ምሳሌ እንድትይዙ አንድ አስመጪ እናስብ። ቦሌ አካባቢ ቢሮ አለው፣ መርካቶ ሱቅ፣ ቃሊቲ መጋዘን። ቢሮው ውስጥ አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር አለ፣ እሱ ላይ የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም በኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ) ይሰራል፣ ሂሳብ ክፍል ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም ይጠቀማል፣ ከዛ ሁሉም ሰው ፋይል የሚወረውርበት አንድ ሼርድ ፎልደር አለ። ክሊኒክም ሁኑ ትምህርት ቤት ነገሩ ብዙም አይለይም።

ደረጃ 1፦ ምን ዳታ እንዳለ እየዞራችሁ መዝግቡ

ቢሮ ቁጭ ብላችሁ በግምት አትጻፉት። እያንዳንዱ ክፍል ሄዳችሁ "ይሄ ኮምፒውተር ዛሬ ማታ ቢሰረቅ ነገ ጠዋት ምን መስራት ያቅታችኋል?" በሏቸው። ሰርቨር ላይ ነው የተባለው የደሞዝ ኤክሴል የሂሳብ ሹሟ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስካኖቹ ደግሞ አንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ። ለእያንዳንዱ የት እንዳለ፣ ስንት ጊጋባይት እንደሆነ፣ በቀን ምን ያህል እንደሚቀየር እና ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጻፉ።

ሁሌ የሚረሳው ዳታ ያልሆነው ነገር ነው፦ የፕሮግራሞቹ መጫኛ ፋይል ከነትክክለኛ ቨርዥኑ፣ የላይሰንስ ቁልፎች፣ የአክቲቭ ዳይሬክተሪው (የሰራተኞቹ መግቢያ ስምና ፓስወርድ የሚያዝበት) ሲስተም ስቴት፣ የራውተርና የስዊች ኮንፊግ። በተለይ ፕሮግራሙን የሰራላችሁ ሰው ዛሬ ስልክ የማያነሳ ከሆነ መጫኛው ራሱ እንደ ዳታ ይቆጠር፣ ዳታቤዙ ተርፎ የሚከፍተው ፕሮግራም ከሌለ ምንም አልተረፈም ማለት ነው። በተቃራኒው የሴኩሪቲ ካሜራ ቪዲዮ እና ሰው ያወረዳቸው ፊልሞች ባካፑ ውስጥ አይግቡ፣ ቦታም ጊዜም ይበላሉ።

ደረጃ 2፦ ሁለት ቁጥር ከባለቤቱ ውሰዱ

አንደኛው "ስንት ሰዓት የተሰራ ስራ ብናጣ እንችላለን" ነው፣ አርፒኦ የሚባለው። ሁለተኛው "በስንት ሰዓት ውስጥ መነሳት አለብን"፣ ይሄ አርቲኦ ነው። እነዚህን አይቲው ብቻውን መወሰን የለበትም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ወጪው ስለሚጨምር ብር የሚያወጣው ሰው ነው መወሰን ያለበት። "ምንም ማጣት አንፈልግም" ካሏችሁ ዋጋውን አሳይታችሁ እንደገና ጠይቁ።

በኛ ምሳሌ ሽያጭና ስቶክ 1 ሰዓት ብናጣ ከካሽ ሬጅስተሩ እና ከደረሰኝ ጥራዙ መልሰን እናስገባለን፣ ግን በ4 ሰዓት ውስጥ መነሳት አለበት፣ አለበለዚያ መርካቶ ሱቁ በእጅ እየጻፈ ይውላል። ፒችትሪው የአንድ ቀን ስራ ቢጠፋ ቫውቸሩ ወረቀት ላይ ስላለ ይተካል፣ እስከሚቀጥለው ቀን መነሳቱ በቂ ነው። ሼርድ ፎልደሩም እንደዛው። ይሄን አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ አስፈርሙ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ገጽ ነው።

ደረጃ 3፦ ዳታ በምን በምን እንደሚጠፋ ለዩ

ሃርድ ዲስክ መሞት አንዱ ብቻ ነው። ሰው በስህተት ያጠፋል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዳታቤዝ ይበላሻል፣ ሌባ ሰርቨሩን ከነባካፕ ዲስኩ ይዞ ይሄዳል፣ እሳት ይነሳል፣ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ብር የሚጠይቅ ቫይረስ) ይገባል፣ ከስራ የተጣላ ሰራተኛ ሆን ብሎ ያጠፋል። አሁን ያላችሁን ነገር በእነዚህ ፊት አንድ በአንድ አቁሙት።

ሬይድ (አንድ ዳታ በአንዴ ከአንድ በላይ ዲስክ ላይ የሚጻፍበት) አለን የሚል ብዙ አለ፣ ሬይድ የሚያድነው ከዲስክ መሞት ብቻ ነው፣ የተደለተ ፋይል ሁለቱም ዲስክ ላይ በአንዴ ነው የሚደለተው። ጉግል ድራይቭ ወይ ዋንድራይቭ ሲንክ ማድረግም ያው ነው፣ የተበላሸውን ፋይል ቶሎ ብሎ ደመና ላይ ያለው ላይ ይጽፍበታል፣ የድሮ ቨርዥን የሚያስቀምጡት ለተወሰነ ጊዜ ነው። በሮቦኮፒ (የዊንዶውስ ኮፒ ማድረጊያ ትዕዛዝ) ሚረር የሚሰራ ስክሪፕትም ከምንጩ የጠፋውን ከመድረሻውም ያጠፋል። የቨርቹዋል ማሽን ስናፕሾት (የዛች ቅጽበት ሁኔታ ቅጂ) ደግሞ እዛው ስቶሬጅ ላይ ስለሚቀመጥ ስቶሬጁ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ለዚህ ነው 3-2-1 የሚባለው ህግ እስካሁን የሚሰራው፦ 3 ኮፒ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1 ኮፒ ከህንፃው ውጪ። ይሄን አነጋገር ያስፋፋው ፒተር ክሮ የሚባል ፎቶግራፈር ነው፣ ለፎቶ ፋይል ያሰበው ነገር ለሰርቨርም ልክ ሆኖ ተገኘ። እኔ አንድ እጨምርበታለሁ፦ ከኮፒዎቹ ቢያንስ አንዱ ሰርቨሩ ራሱ ሊነካው የማይችል ይሁን። ደረጃ 6 ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 4፦ እያንዳንዱን በሚገባው መንገድ ውሰዱ

ብዙ ባካፕ የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

እየሰራ ያለ ዳታቤዝ ፋይሉን ኮፒ ፔስት ማድረግ ባካፕ አይሆንም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ፋይሉን ይዞት ስለሚሰራ አንዳንዴ ጭራሽ ኮፒ አያስደርግም፣ አንዳንዴ ደግሞ በሌላ መሳሪያ አስገድዳችሁ ብትወስዱት ግማሹ የአሁን ግማሹ የትናንት የሆነ ፋይል ይሰጣችኋል። የራሱን ባካፕ ትዕዛዝ ተጠቀሙ። ሶስት ዓይነት አለው፦ ፉል ሙሉውን ነው፣ ዲፈረንሻል ከመጨረሻው ፉል ወዲህ የተቀየረውን፣ ሎግ ባካፕ ደግሞ ከመጨረሻው ሎግ ባካፕ ወዲህ የተደረገውን እያንዳንዱን ትራንዛክሽን። ለኛ ምሳሌ እሁድ ፉል፣ በየማታው ዲፈረንሻል፣ በስራ ሰዓት በየ30 ደቂቃው ሎግ ቢደረግ የ1 ሰዓቱ ቃል ይጠበቃል።

ሎግ ባካፕ እንዲሰራ ዳታቤዙ ሪከቨሪ ሞዴል የሚባለው ቅንብሩ ፉል መሆን አለበት። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፦ ሞዴሉን ፉል አድርጎ ሎግ ባካፕ ካልያዘለት የሎግ ፋይሉ ማደጉን አያቆምም፣ ዲስኩን ይሞላና አንድ ቀን ጠዋት ሽያጩ ቀጥ ይላል። ሁለቱን አብራችሁ አድርጉ ወይም ሁለቱንም ተዉ። ሌላው ደግሞ፣ የሶፍትዌሩ ባለሙያ መጥቶ "ለቴስት ልውሰድ" ብሎ ፉል ባካፕ በፍላሽ ወስዶ ከሄደ ከዛ ቀን ጀምሮ ያሉት ዲፈረንሻሎች የሚመሰረቱት በሱ ፍላሽ ላይ ባለው ፋይል ነው፣ እናንተ ጋ ያለው የእሁዱ ፉል ከነሱ ጋር አይገጥምም። እንዲህ ሲሆን ኮፒ ኦንሊ በሚለው አማራጭ እንዲወስድ አድርጉ። ባካፕ ስትወስዱ ቼክሰም የሚለውንም አብሩት፣ የተበላሸ ገጽ ካለ ያኔውኑ ይነግራችኋል።

ኤክስፕረስ ኤዲሽን ከሆነ የምትጠቀሙት ኤጀንት የሚባለው የሰዓት አስያዥ የለውም፣ ስለዚህ ትዕዛዙን በስክሪፕት ጽፋችሁ በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር አስኬዱት። ማይኤስኪውኤል ከሆነ ማይኤስኪውኤል ደምፕን በሲንግል ትራንዛክሽን አማራጭ፣ ፖስትግሬስ ከሆነ ፒጂ ደምፕ፣ ሲተልቅ ደግሞ ፒጂ ቤዝባካፕ።

ፒችትሪ ራሱ ሜኑው ላይ ባካፕ አለው፣ ሁሉም ሰው ከፕሮግራሙ ከወጣ በኋላ በሱ ውሰዱ። የካምፓኒውን ፎልደር ሰው እየሰራበት ኮፒ ማድረግ አደጋ ነው፣ ከስር ያለው ዳታቤዝ ነውና። የሂሳብ ክፍሉ ሰው ከቢሮ ሲወጣ የሚያደርገው የመጨረሻ ስራ ይሁን፣ ፋይሉም ስሙ ላይ ቀን ይኑረው እንጂ የትናንቱ ላይ አይጻፍ።

ለሼርድ ፎልደሩና ለሙሉ ሰርቨሩ ደግሞ ዊንዶውስ ሰርቨር ባካፕ ነጻ ነው፣ ቪም ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን እስከ 10 ማሽን ድረስ ያለክፍያ ይሰራል፣ ሊኑክስ ላይ ሬስቲክ ወይም ቦርግ አሉ፣ ፕሮክስሞክስ ላይ ያላችሁ የራሱን ባካፕ ሰርቨር ተጠቀሙ። የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ ቡድናችሁ ውስጥ ሁለት ሰው አውቆ ሪስቶር ማድረግ የሚችለው ነው የሚሻለው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር፦ ብዙ ሰው ባካፑን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያደርገዋል፣ ሰርቨሩ ሰዓት ላይ 02:00 ማለት ነው። ግን በዛ ሰዓት መብራት ቢሄድ ጄነሬተር የሚያስነሳ የለም፣ አንዳንድ ህንፃ ላይ ደግሞ ጥበቃው ማታ ብሬከር ያወርዳል። ጥበቃውን አናግሩት፣ ወይም ሰው ሳይበተን ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ አስጀምሩት። ዩፒኤሱም በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ተያይዞ ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩን በስርዓት እንዲዘጋው ይደረግ፣ ባካፕ እየጻፈ ቀጥ ያለ ዲስክ ሁለት ጉዳት ነው።

ደረጃ 5፦ የት እንደሚቀመጥ

የመጀመሪያው ኮፒ እዛው ቢሮ ያለ ናስ (ኔትወርክ ላይ የሚሰካ የዲስክ ሳጥን) ላይ ይሁን፣ ከሰርቨሩ ክፍል ግን ይራቅ፣ ሌላ ፎቅ ከሆነ የተሻለ። ቶሎ የምትነሱት ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ተነቃይ ሃርድ ዲስክ ነው፣ ሶስት ግዙና በየሳምንቱ አዙሯቸው፦ አንዱ ተሰክቶ፣ አንዱ ቃሊቲ መጋዘን ካዝና ውስጥ፣ አንዱ በመመለስ ላይ። ላያቸው ላይ ቀን ለጥፉ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ይደረግባቸው፣ ታክሲ ውስጥ የተረሳ ዲስክ የደንበኞቻችሁን ዝርዝር ይዞ እንዳይሄድ። ለዚህ ስራ ኤስኤስዲ አልመርጥም፣ ያለ ኮረንቲ ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ዳታ ሊያጣ ስለሚችል የተለመደው ሃርድ ዲስክ ይሻላል።

ሶስተኛው ክላውድ ወይም የሀገር ውስጥ ዳታ ሴንተር። ከመወሰናችሁ በፊት ሂሳብ ስሩ። 300 ጊጋባይት ዳታ በ10 ሜጋቢት አፕሎድ ለመላክ 240,000 ሰከንድ፣ ወደ 67 ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም መስመሩ ሳይቆራረጥ። ከዛ በኋላ የተቀየረው ብቻ ስለሚላክ ይቀላል፣ ግን ሰርቨሩ ሲጠፋ ሙሉውን መልሶ ማውረድም ያንን ያህል ነው፣ በ4 ሰዓት እንነሳለን ብላችሁ የፈረማችሁበት ገጽ ከዚህ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ክላውዱ ህንፃው ሙሉ በሙሉ ለጠፋበት ቀን ነው፣ ለተራው ቀን ናሱ።

ውጭ ያሉት እንደ ባክብሌዝ እና ዋሳቢ ዋጋቸው ጥሩ ነው፣ ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ካርዱ አንድ ወር አልከፍል ሲል ምን እንደሚሆን ውሉን አንብቡ፣ ያልተከፈለበት አካውንት ታግዶ ከነዳታው ሊጠፋ ይችላል። በብር የሚከፈልባቸው የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ አለ፣ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ደግሞ እንደ ዊንጉ እና ራክሲዮ ያሉ ዳታ ሴንተሮች አሉ። ሀገር ውስጥ ሲሆን የመጀመሪያውን ትልቅ ኮፒ በሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሄዳችሁ መጫን ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ ያንን 67 ሰዓት ያስቀራል። የደንበኛ ወይም የታካሚ መረጃ ከሆነ የያዛችሁት ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ምን እንደሚል ከህግ ሰው ጋር ተያዩ።

"ክላውድ ላይ ነው" ማለት ግን በራሱ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል ባካፓቸው እዛው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። በ2024 ደግሞ ዩኒሱፐር የሚባለው የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ የጉግል ክላውድ ሰብስክሪፕሽኑ በስህተት ሲሰረዝ በሁለት ቦታ የነበረው ሁሉ አብሮ ጠፋ፣ ለመነሳት የረዳው ሌላ ድርጅት ጋር ያስቀመጠው ባካፕ ነው።

ደረጃ 6፦ ሰርቨሩ የማይደርስበት አንድ ኮፒ ይኑር

የዛሬ ራንሰምዌር እንደገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ባካፓችሁን ነው፣ ያንን ካጠፋ በኋላ ነው ሌላውን የሚቆልፈው፣ ምክንያቱም ባካፕ ያለው ሰው አይከፍልም። ናሱ በዶሜን አድሚን (የመስሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያዝ አካውንት) ፓስወርድ የሚከፈት ከሆነ ያ ፓስወርድ የተሰረቀ ዕለት ናሱም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ናሱን ዶሜን ውስጥ አታስገቡት፣ ለብቻው ስምና ፓስወርድ፣ ከተቻለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ። ባካፕ የሚጽፈው አካውንት መጻፍ እንጂ ማጥፋት አይቻለው። ናሱ የማይሰረዝ ስናፕሾት ካለው አብሩት፣ ክላውዱ ላይ ደግሞ ኦብጀክት ሎክ የሚባለውን በኮምፕላያንስ ሞድ፣ የተቆለፈበት ቀን እስኪያልፍ ማንም፣ እናንተም ጭምር፣ አትሰርዙትም። ይሄ ሁሉ ካልሆነላችሁ ከሰርቨሩ ተነቅሎ ካዝና ውስጥ የተቀመጠው ሃርድ ዲስክ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

መርስክ የሚባለው ግዙፉ የመርከብ ድርጅት ላይ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ኖትፔትያ የሚባለው ቫይረስ ሲገባ በዓለም ዙሪያ እርስ በርስ ይናበቡ የነበሩት ዶሜን ኮንትሮለሮች (የመግቢያ ስምና ፓስወርድ የሚያረጋግጡት ሰርቨሮች) በሙሉ ጠፉ፣ ከአንዱ በቀር። የተረፈው ጋና ቢሮ ያለው ነው፣ በዛ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ውጪ ስለነበረ። ዳታውን በኔት ለመላክ መስመሩ ስላልቻለ ሰው በአውሮፕላን ይዞት እንግሊዝ ሄደ። ሁሉም አንድ ላይ የተያያዘ ኮፒ ቁጥሩ ቢበዛም በአንድ ምት እንደሚሄድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም፣ እነሱን በአጋጣሚ ያዳናቸውን እናንተ አስባችሁ አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ

ዕለታዊውን 14 ቀን፣ ሳምንታዊውን 2 ወር፣ ወርሃዊውን 12 ወር ብትይዙ ለአብዛኛው ይበቃል። የተበላሸ ነገር ሁልጊዜ በማግስቱ አይታወቅም፣ ሂሳብ ሰራተኛው ከሁለት ወር በፊት የተሳሳተ ነገር ዛሬ ሊያገኝ ይችላል።

የዓመቱን ግን ለብቻ ያዙት። ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ አንድ፣ ከዛ ኦዲተሩ ማስተካከያ አስገብቶ ግብሩ ከተከፈለ በኋላ፣ የሂሳብ መዝገብ ለሚይዙት ያው ጥቅምት 30 ድረስ ማለት ነው፣ ሌላ አንድ። ገቢዎች ለኦዲት ሲመጣ የሚያየው ያለፉ ዓመታትን ነው፣ ስለዚህ እነዚህ ዲስኮች አይዞሩም፣ ላያቸው ላይ ዓመተ ምህረቱ ተጽፎ ከፕሮግራሙ መጫኛ ጋር አብረው ይቀመጡ፣ በየተወሰነ ዓመቱም ወደ አዲስ ዲስክ ይገልበጡ።

ደረጃ 8፦ ሲከሽፍ የሚነግራችሁ ነገር

ጊትላብ የሚባለው የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) አንድ ኢንጂነር በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋባቸው። ወደ ባካፓቸው ሲሄዱ ማስቀመጫው ባዶ ነበር፣ ደምፕ የሚያደርገው (ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚገለብጠው) ፕሮግራም ቨርዥኑ ከዳታቤዙ ስላልገጠመ እየከሸፈ ነበር፣ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይል ደግሞ በሜይል ሰርቨሩ ውድቅ እየተደረገ ማንም ጋ አልደረሰም። የተነሱት ከ6 ሰዓት በፊት በእጅ በተወሰደ ስናፕሾት ነው። የዚህን ያህል ባለሙያ ያለበት ቦታ ይሄ ከሆነ እኛ ጋ ደግሞ አስቡት።

ስለዚህ ሲከሽፍ ብቻ ሳይሆን ሲሳካም መልዕክት ይምጣ፣ በኢሜይልም በቴሌግራም ቦትም ሊሆን ይችላል፣ ጠዋት መልዕክት ካልመጣ ያ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። በስም የተመደበ አንድ ሰው በየጠዋቱ የፋይሉን መጠን ያያል፣ ትናንት 18 ጊጋባይት የነበረ ዛሬ 2 ከሆነ "ሰክሰስ" ቢልም ይመረመራል።

ደረጃ 9፦ ሪስቶር ሞክሩ

ሌላ ኮምፒውተር ፈልጉ፣ አሮጌ ዴስክቶፕም ይሆናል፣ ከኔትወርኩ ነጥሉት። ኤስኪውኤል ሰርቨሩን ጫኑና ፉሉን፣ ዲፈረንሻሉን፣ ሎጎቹን በተራ አስገቡ። ቬሪፋይ ኦንሊ የሚለው ትዕዛዝ ፋይሉ መነበቡን ያረጋግጣል እንጂ ውስጡ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም፣ ሪስቶር ካደረጋችሁ በኋላ ቼክ ዲቢ የሚባለውን የዳታቤዝ መመርመሪያ ትዕዛዝ አስኬዱበት።

ከዛ አይቲው ብቻ አይቶ "ሰርቷል" እንዳይል። የሽያጭ ሃላፊዋን ጥሩና የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች ከጥራዙ ጋር ታስተያይ፣ ስቶር ኪፐሩ የቃሊቲን ባላንስ ይመልከት፣ ሂሳብ ክፍል ፒችትሪ ከፍቶ ትሪያል ባላንስ ያውጣ። ሰዓት ያዙ፣ ከመጀመሪያው ክሊክ እስከ መጀመሪያው ደረሰኝ ስንት ፈጀ? 4 ሰዓት ተብሎ 9 ከፈጀ ወይ ዘዴው ይቀየር ወይ ባለቤቱ አዲሱን ቁጥር አውቆ ይፈርም። አንድ ፋይል በየወሩ፣ ዳታቤዙ በየሶስት ወሩ፣ ሙሉ ሰርቨሩ በዓመት አንዴ ቢሞከር ጥሩ ነው። ከናሱ ብቻ ሳይሆን ከካዝናው ዲስክም ከክላውዱም እየለዋወጣችሁ።

ደረጃ 10፦ ወረቀት ላይ ጻፉት

የመልሶ ማቋቋሚያ ሰነዱ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ካለ ሰርቨሩ ሲሞት እሱም የለም። አትሙት። ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚነሳ ይኑረው፦ ራውተር፣ ዶሜን ኮንትሮለር፣ ዳታቤዝ፣ የሽያጭ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ፣ ሼርድ ፎልደር። የኢንተርኔት አቅራቢውና የሶፍትዌር ባለሙያው ስልክ፣ ዲስኮቹ ያሉበት ቦታ፣ ካዝናው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ።

የኢንክሪፕሽን ፓስወርዱ ለብቻው በታሸገ ፖስታ፣ ሁለት ቦታ፣ አንዱ ባለቤቱ ጋ። ሬስቲክም ሆነ ቢትሎከር ቁልፉ ከጠፋ የሚከፍትላችሁ ሰው የለም፣ ኮፒው እጃችሁ ላይ እያለ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። አይቲው ስራ ሲለቅ ርክክቡ ላይ ይሄ ፖስታ ይካተት፣ ፓስወርዶቹ የዛኑ ቀን ይቀየሩ፣ አዲሱ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ወር ወረቀቱን ብቻ ይዞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ አንድ ሙሉ ሪስቶር ያድርግ። የቆመበት መስመር ካለ ወረቀቱ ላይ የጎደለው እሱ ነውና እዛው ተሞልቶ በአዲስ ቀን ይታተም።